ልጄ እንዳትዘል የጻፍኩት ደብዳቤ

እጄን የሰበርኩት በማይረባ አወዳደቅ ነው። ከባጃጅ ስወርድ አንዱ እግሬ ጭቃው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ሳይከተል ቀረና በግራ እጄ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ ነው የምለው፤ ወደቅኩ ለማለት እንኳ አይበቃም። ጥቅምት የገባ ሰሞን ነበር፤ ሮቤ ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ያለውን ጭቃ ደግሞ የረገጠው ሁሉ ያውቀዋል። የጥበቃው ሰውዬ «እኔን!» አለ፣ ሁለት ባልደረቦቼ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀሚሴን አራግፌ መዝገብ ቤት ገባሁና አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ላወርድ እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ጨለመ።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከግማሽ ዕድሜዬ በላይ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ደብዳቤ ስጽፍና ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ሰው ጤንነቴን ሲጠይቀኝ «እኛ ቤት በሽታ የለም» እል ነበር። ይህን የምለው ፈጣሪን ለማመስገን አልነበረም፤ በትዕቢት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እንደ አብዛኛው የአገሬ ሰው መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ጋ ነው። ሐኪም ቤት ከሄድሽ በጀሶ ጠቅልለው ያደርቁሻል፣ ወጌሻ ግን በጣቱ ያገኘዋል ይባላል። የሰፈራችን ወጌሻ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍላቸው በር ላይ አጎዛ አንጥፈው ይቀመጣሉ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው ሲወልቅ የመለሱለት እሳቸው ናቸው።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብለው እጄን ተቀበሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የእጄን አንጓ ዳሰሱት። «ወለምታ ነው» ብለው ጎተት እንዲያደርጉልኝ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ እጄን ቀስ ብለው ጭኔ ላይ መለሱልኝ።

«ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም። ተሰብሯል። ጎባ ሂጂና ራጅ ተነሺ» አሉኝ። ከዚያ «ከምን ላይ ነው የወደቅሽው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከባጃጅ ስወርድ።»

«እየሄደ?»

«ቆሞ ነው አባባ።»

እንደገና አንጓዬን ነካ አደረጉት። «ላፌሽ፣ አጥንትሽ ማለቴ ነው፣ ቀጭን ነው። ጎባ ያሉት እናትሽም ጎባጣ ናቸው፣ አይደል?»

እዚህ ላይ ሕመሜን ረሳሁና ቀና አልኩ። «አዎ» አልኩ በኩራት። «እሷን ስግደት ነው ያጎበጣት።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቃቸው የንቀት አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነበር። «ልጄ፣ እኔም እኮ ሰጋጅ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት አስነክቻለሁ።» መሬቱን ተደግፈው ተነሱና በሩ ሥር ቆሙልኝ። ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። «እስቲ እዪኝ፤ የቱ ጋ ነው የጎበጥኩት?»

በሰባ ዓመት ሽማግሌ ተናድጄ ወጣሁ። «አብሽሪ!» ሲሉኝ እንኳ ዞር ብዬ አላመሰገንኩም።

የተናደድኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። እናቴ የምትኖረው እኔ ተወልጄ ባደግኩበት የጎባው ቤት ነው። ጀርባዋ ከትከሻዋ ሥር ታጥፏል፤ ሰው ስታናግር አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ከታች ወደ ላይ ነው የምታየው። ታላቅ እህቷም እንደዚያው ነበረች፤ የሁለቱ እናትም እንደዚያው። ቅድመ አያቶቻችን ከሰሜን መጥተው ጎባ ከሰፈሩ ወዲህ ቤታችን የታወቀው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። «የሰጋጆቹ ቤት» ይሉናል። በዐቢይ ጾም ያ ሁሉ ስግደት፣ በሰሞነ ሕማማት ያ ሁሉ ስግደት፣ እንዴት አይጎብጡ ይባላል። ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶች ወደ እናቴ ጠጋ ይሉና ትከሻዋን ስመው «በጸሎትዎ ያስቡኝ» ይሏታል። በልጅነቴ የሚሳመው የአያቴ ትከሻ ነበር፤ እኔም የነጠላዋን ጫፍ ይዤ አጠገቧ እቆም ነበር። የጓደኞቼ አያቶች ቀጥ ብለው ሲሄዱ ሳይ ለጓደኞቼ አዝንላቸው ነበር።

በኋላ ራሴን ችዬ ደመወዝ ስይዝ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብዬ በየዓመቱ ለጥምቀት ቀሚስ እገዛላታለሁ። በዓመቱ ያው ቀሚስ መሬት ይጠርጋል። ይዤው ጎባ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ እሄድና «ይኼ ጨርቅ እየለቀቀ አስቸገረን፤ እስቲ ከታች እጠፍልን» እለዋለሁ። ሰውዬው አንድ ቀን መርፌውን ከአፉ አውጥቶ «እትዬ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ያጠሩት እናትዎ ናቸው» አለኝ። ተጣላሁትና ልብስ ሰፊ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ አራት ቀሚስ በሌላው ሰው አሳጥፌአለሁ።

ጎባ ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት። «ቁጭ ይበሉ እናቴ» አለችኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ «እናቴ» መባሉ ከስብራቱ እኩል አመመኝ። ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሳችና ብዙ ጊዜ አየችው። እጄን በጀሶ እያሰረች ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ አክስቴ ጠየቀችኝ፣ የወር አበባዬ መቼ እንደቆመ ጠየቀችኝ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው የቆመው። እናቴም በዚያው ዕድሜ ነበር። እኛ ቤት እንዲያውም «ቶሎ ከጣጣው ወጣን» ተብሎ ደስ የሚባልበት ነገር ነበር።

«የአጥንት ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ እኛ ጋ የለም፣ አዲስ አበባ ነው» አለችኝ። «ግን የራጁ መልክ፣ እንዲህ ባለ ቀላል አወዳደቅ መሰበርዎና የእናትዎ ነገር ሲደመር አጥንትዎ ሳስቷል ብዬ ነው የማስበው።»

«ከምን መጣ?» አልኳት።

እሷ የሲናና ወረዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ ያስረዳችኝም በምታውቀው ነገር ነው። «አጥንት እንደ ጎተራ ነው። የጎተራው ስፋት በአብዛኛው ከእናት ከአባት የሚመጣ ነው፤ እሱን አንመርጥም። መሙላቱ ግን የእኛ ነው። የምንበላው አለበት፣ ፀሐይ ማግኘታችን አለበት፣ መንቀሳቀሳችን አለበት። የሚሞላው ደግሞ በልጅነትና በወጣትነት ነው፤ እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም የምንበላው ከተከማቸው ነው። ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ሲቆም በብዛት ይወጣባታል።»

ስለ ጾም ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እኛ ቤት ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይጾማል፣ ያውም ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይባላል፤ የእኛዋ ላም ጓሮ ነበረች፣ ግን በጾም ወተቷ ወደ ጎረቤት ነበር የሚሄደው። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «እኔም እጾማለሁ» አለችኝ። «በጾም ጎመኑም ሰሊጡም ጤፉም አለ፤ በፍስክ ደግሞ ወተትና አይብ አይርሱ። ጾም ብቻውን አይደለም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው።» ስለ መድኃኒቱም፣ በእግር ስለ መሄድም፣ ስለ ጠዋት ፀሐይም ነገረችኝ። ሁሉንም «እሺ» አልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት «ከእናት ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ስመለስ ግራና ቀኙ ስንዴ ነበር፤ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። እኔ ግን የማየው ልጄን ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ «ቁርጥ እናቷን» ይላታል፣ እኔም ደስ ይለኛል። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚባለውን አባባል በስንት ሰው ሰርግ ላይ ስቄበታለሁ። ያን ቀን ግን ልቤን አራደው። እኔን ያየ እሷን ሊያይ ነው፤ እናቴን ያየ እኔን ሊያይ ነው። ልጄ አንድ ቀን አንገቷን አዘንብላ ከታች ወደ ላይ ሰው ስታይ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝና እዚያው ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ።

ልጄ የመረብ ኳስ ተጫዋች ናት። ለትምህርት ቤቷ ቡድን ከመረቡ ሥር ቆማ የምትመታው እሷ ናት። ስትዘል አንድ ጊዜ አየር ላይ የምትዘገይ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ አያት ነበር፤ የሕይወቴ ትልቁ ደስታ ያ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ቤት እንደደረስኩ ጀሶዬን እንኳ ሳላሳያት «ከዛሬ ጀምሮ ዝላይ የለም» አልኳት።

«ምን?»

«መረብ ኳስ የለም። ውሃም አትሸከሚም። ትምህርት ቤት በባጃጅ ነው የምትሄጂው።»

ለሥራ ሻሸመኔ ያለው አባቷ ጋ ደወለች። እሱ የቤት ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ እንደሚለው «እናትሽ ታውቃለች» አላት። ወደ እኔ ተመለሰች። ልጄ ተከራካሪ ናት። «እማ፣ ዘር ከሆነ ብቀመጥም አይቀርልኝም። ዘር ካልሆነ ደግሞ ለምን እቀመጣለሁ?» አለችኝ። መልስ ያጣች እናት የምታደርገውን አደረግኩ፤ ጮህኩ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ በአንድ እጄ እየለቀምኩ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስጽፍ የኖርኩት ደብዳቤ ነው፤ ስፈራም የምይዘው እሱን ነው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፡- ልጄ እንዳትዘል ስለማሳወቅ። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው ተማሪዋ ከቤተሰብ የሚተላለፍ የአጥንት መሳሳት የሚያሰጋት በመሆኑ ከስፖርት ክፍለ ጊዜም ሆነ ከመረብ ኳስ ቡድን ነፃ እንድትደረግ፣ እንዲሁም ወንበርና ዴስክ እንድታነሳ እንዳትታዘዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፡- ለስፖርት መምህሩ።» ፈረምኩበት። የራሴ ማህተም ቢኖረኝ ኖሮ እመታበት ነበር። ትምህርት ቤቱም እናት የጠየቀችውን ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ልጄን የጠበቅኩባቸው መስለውኝ ነበር። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት አጠጣታለሁ። ከሰፈራችን ውሃ የምታመጣልን ሴት አገኘሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትመጣና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ታያለች፤ እኔም «ዛሬም በሰላም ዋለች» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አኮረፈች፣ ከዚያ ኩርፊያውን ተወችው። ኩርፊያውን ስትተው ገባት ብዬ ደስ አለኝ። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ጭቃ ሲሆን ዞራ በደረቁ ትሄዳለች። ለባልደረቦቼ «ልጄ እንዴት አስተዋይ ሆነች መሰላችሁ» እያልኩ አወራሁላቸው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጀሶውን ላስፈታ ጎባ ተመለስኩ። ያቺው ሐኪም ናት የፈታችልኝ። እጄ ከስቶና ገርጥቶ ሲወጣ አየሁትና የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። እሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሠራች «ታዲያ የነገርኩዎትን እያደረጉ ነው?» ስትለኝ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና ብዬ ነገርኳት። ስለ ወተቱ ነገርኳት፣ ስለ ባጃጁ ነገርኳት፣ ስለ ደብዳቤው ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ለቀቀችው።

«ምን አደረጉ?» አለችኝ።

ደገምኩላት።

«እናቴ፣ ወተቱ ጥሩ ነው። ሌላው ግን ግልባጩ ነው» አለች። ድምፅዋ አልከፋም፣ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አጥንት የሚጠነክረው ሲሠራ ነው። ስትዘል፣ ስትሮጥ፣ ስትሸከም፣ አጥንቷ 'ጫና አለብኝ' ብሎ ራሱን ይገነባል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አጥንት ለምን ይደክማል? ይኼው እጅዎን አያዩትም? ስድስት ሳምንት ስላልሠራ ነው እንዲህ የሆነው። ልጅዎ ደግሞ ጎተራዋን የምትሞላበት ዕድሜ ላይ ናት። የእናትዎ ዘር ካለባት እንዲያውም ከሌላው ልጅ አብልጣ መዝለል አለባት። ዘሩን መቀየር አንችልም፤ ያለን ይቺ ዕድሜ ናት።»

«ብትሰበርስ?»

«ልጅ ትሰበራለች፣ ይጠግንላታል። እኔም ከቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ ወድቄ ተሰብሬ አውቃለሁ።»

ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ብዙ ጉዳት የለውም ብላ አጽናናችኝ። አልተጽናናሁም። ለልጄ ብዬ ልጄን ስጎዳ ከርሜአለሁ፤ ያውም በደብዳቤ፣ ያውም በኩራት። ከሆስፒታሉ ስወጣ እግሬ ወደ እናቴ ቤት ወሰደኝ። የምትቆጣኝ ሰው ፈልጌ ይመስለኛል።

እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። «አንቺም መታየት አለብሽ እማ። መድኃኒት አለው፤ እንዳትሰበሪ የሚረዳ። ነገ እወስድሻለሁ» አልኳት።

«እኔን ተይኝ። የእኔ የስግደት ነው» አለች እንደ ሁልጊዜዋ።

ያኔ የወጌሻውን ነገር ነገርኳት። በቀን አምስት ጊዜ ሲሰግዱ ሰባ ዓመት ማለፋቸውን፣ ተነስተው ቀጥ ብለው መቆማቸውን፣ «የቱ ጋ ነው የጎበጥኩት?» ማለታቸውን። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ከዚያ «ወደ ውስጥ እንግባ፣ በሩንም ዝጊው» አለችኝ።

ገባን። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ሰግጄ አላውቅም።»

አባቴ ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የሰማሁትን አላመንኩም። «እንዴት?» አልኳት።

«አልችልማ! ጎንበስ ካልኩ ማን ቀና ያደርገኛል? ወገቤ ይቆረጣል። ሰው ሲሰግድ እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ። እሱ ራሱ የተደፋ ስለሆነ ማን ያውቅብኛል?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? መጀመሪያ አንዲት ሴት መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። እኔ እኮ ወገቤን አሞኝ ግድግዳ ተደግፌ ነው። 'በጸሎትዎ ያስቡኝ' አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። በሳምንቱ ሌላዋ ሳመችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ 'አሞኝ ነው' እላለሁ? የታመመ ሰው ማን ትከሻውን ይስማል? ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። ሕመሙን ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ይኼ ነው።»

አለቀሰች። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ኩራቴ፣ ያ ልብስ ሰፊ። ከዚያ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት አጠገቤ «አመመኝ» ማለት አቅቷት መኖሯን አሰብኩ። አቀፍኳት። በቀሚሷ ላይ የጀርባዋ አጥንት አንድ በአንድ ተቆጠረልኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ወድጃት አላውቅም።

ዓይኗን ጠርጋ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። እናቴ ካለቀሰች በኋላ ትበረታለች። «እናቴ 'የጨዋ ልጅ አትሮጥም' እያለች ቤት አስቀመጠችኝ። እኔ ደግሞ አንቺን 'ገመድ አትዝለይ፣ ማህፀንሽ ይወርዳል' እያልኩ አስቀመጥኩሽ። ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። ገመዴን ወስዳ ምድጃ ውስጥ ከታዋለች።

«እኛ በአፋችን ነበር የምንከለክለው። አንቺ ተምረሻል፣ በደብዳቤ አደረግሽው» አለችኝ። ከዚያ «ሂጂ አሁን፤ ልጅቷን ፍቻት። ሐኪሟ ጋ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ንስሐ አባቴ ጋ ነው የምሄደው» ብላ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሮቤ ደርሼ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልምምድ ላይ ነበሩ። ልጄ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ የጓደኞቿን ጃኬት ታቅፋ ተቀምጣለች። ለስድስት ሳምንት ልምምድ ባለ ቁጥር እዚያ ስትቀመጥ እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ለእኔ አልነገረችኝም። የስፖርት መምህሩ ጋ ሄጄ «ደብዳቤዬን ስቤአለሁ፤ ነገ በጽሑፍ አመጣለሁ» አልኩት። «ኧረ በቃል ይበቃል» አለና ሳቀ፤ ወዲያው ፊሽካውን ነፍቶ ጠራት።

ልጄ ወደ እኔ መጣች። ጀሶው ከእጄ ላይ መነሳቱን አየች። «እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ግቢና ተጫወቺ።»

«ሐኪሟ ፈቀደች?»

«ከመጀመሪያውም አልከለከለችም። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

ዘላ አንገቴ ላይ የምትጠመጠም መስሎኝ ነበር። አልዘለለችም። ሜዳውን አየችው፣ መረቡን አየችው። ከዚያ ጓደኞቿ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብሰበርስ?» አለችኝ።

እኔ ሐኪሟን የጠየቅኩት ቃል ነው። ይህን ቃል ልጄ ከእኔ በፊት አታውቀውም ነበር። አየር ላይ ትዘገይ የነበረች ልጅ፣ ጭቃ የማይገዳት ልጅ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ፍርሃት ከወተቱ ጋር አጠጥቻታለሁ። የዘሩ ነገር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት አጥንቷ የአባቷ ይሆናል። ይኼኛው ግን የእኔ ነው። አጥንቴ መሳሳቱን ሳውቅ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።

«ብትሰበሪ እናሳስርሻለን» አልኳት። ድምፄ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ገባች።

የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣላት እግሯን ከመሬት አላነሳችም፤ እጇን ብቻ ሰዳ ነካቻት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋን ጓደኛዋ ከፍ አድርጋ ሰቀለችላት፣ ሊመታ የሚገባው ኳስ ነበር። ልጄ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች። ከመዝለሏ በፊት ግን ኳሷን ሳይሆን እኔን አየች። ኳሷ አጠገቧ ወደቀች። ያኔ ነው ፊቴን ያወቅኩት፤ ጥርሴን ነክሼ፣ የዳነውን እጄን በሌላው ጨብጬ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆሜአለሁ። እንዲህ ያለ ፊት እያየ ማን ይዘላል?

ፊቴን ማስተካከል ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጀርባዬን ሰጠኋትና ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ከኋላዬ ኳስ ሲነጥር ሰማሁ፣ ልጆች ሲጮሁ ሰማሁ፣ ዞር ብዬ ለማየት የነበረኝን ጉጉት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። አልዞርኩም። በሩ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ኳስ በኃይል ሲመታ ተሰማ፤ ወዲያው ሁለት እግር አንድ ላይ መሬት ሲረግጥ ሰማሁ።